ኳሱን ይዤ ልግባ ወይስ ቤት ልተወው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሲስተር፣ ሰላም ነው? የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ ትልቅ፣ በአየር የሚነፋ የምጥ ኳስ ላከችልኝ። ‹ተኝተሽ እንዳታምጪ፣ ኳሱ ላይ ተቀመጪ› ትለኛለች። እናቴ ደግሞ ‹እኛ ተንበርክከን ነው የወለድነው፣ የምን ኳስ ነው?› እያለች ትስቃለች። የምከታተልበት ሆስፒታል ሁሉም ተኝቶ ነው የሚወልደው። ኳሱን ይዤ ብገባ ይስቁብኝ ይሆን? ደግሞስ የእውነት ይጠቅማል?»

ሰላም እህቴ። ከሁሉም በፊት ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

እህትሽም እናትሽም ልክ ናቸው። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ በጀርባ ሳይተኙ ስለማማጥ፤ አንዷ በኳስ፣ ሌላዋ ተንበርክካ በጎረቤት ድጋፍ። ኳሱን ይዘሽ ግቢ። ቢስቁ ይሳቁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተረኛዋ አዋላጅ ራሷ ወገቧን ልታሳርፍበት ትችላለች። እኔ ተቀምጬበት አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንግባባ። ኳስ ምጥ አያመጣም፤ ሕመምም አያጠፋም። ሥራው ማሳረፍ ነው። ቀና ብሎ ማማጥ ጥሩ ነው ሲባል ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ያደክማል። የመጀመሪያ ልጅ ምጥ የማህፀን በር 5 ሴንቲ ከተከፈተ በኋላ እንኳ እስከ 12 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። 12 ሰዓት ሙሉ ማን ይቆማል? እናት ሲደክማት አልጋ ላይ ትወጣለች፤ አንዴ ከወጣች አትወርድም። ስለዚህ ኳስም ይሁን ወንበር፣ የባልሽ አንገትም ይሁን፣ ጥያቄሽ አንድ ይሁን፦ «በጀርባዬ ሳልተኛ ምን ያሳርፈኛል?»

በጀርባ መተኛት ምን ችግር አለው? በጀርባሽ ስትተኚ ማህፀንሽ ከአከርካሪሽ ፊት ያለውን ትልቅ የደም ሥር ይጫነዋል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። አንዳንዷን ያዞራታል፣ ያልባታል። ወደ ልጁ የሚሄደውም ደም አብሮ ይቀንሳል። ሌላው ጭራ አጥንትሽ ነው። ልጁ ሲያልፍ እሱ ወደ ኋላ ሸሸት ማለት ይፈልጋል። ተኝተሽበት ግን ፍራሹ ይይዘዋል። ቀና ስትዪ ደግሞ የልጁ ክብደት ራሱ ያግዝሻል፤ ጭንቅላቱ የማህፀን በሩን ይጫነዋል፣ በሩም ለዚያ ግፊት ይከፈታል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ኮክሬን የሚባል፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ዓለም አቀፍ ተቋም በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ግምገማ አለ። በመጀመሪያው የምጥ ክፍል፣ ማለትም በሩ እየተከፈተ ባለበት ጊዜ፣ ቀና ያሉና የተንቀሳቀሱ እናቶች ምጣቸው በአማካይ 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ያህል አጥሯል። ኦፕራሲዮን የተደረጉትም ቁጥር አንሷል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላው ግምገማ የተመለከተው የመግፊያውን ሰዓት ነው። ኤፒዱራል፣ ማለትም በወገብ የሚሰጥ የምጥ ማደንዘዣ፣ ያልወሰዱ እናቶች ቀና ብለው ሲገፉ ልጁን በሚስቡ መሣሪያዎች፣ በቫኪዩም ወይም በፎርሴፕስ፣ የሚወልዱት ቀንሰዋል። በመቀስ የሚቆረጡትም እንደዚሁ። በአንጻሩ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ የሚደሙት በርከት ብለዋል። «ደሙ ዕቃ ውስጥ ተጠራቅሞ በደንብ ስለሚለካ ነው» የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልንቀውም። ልጁ ሲወጣ ደም እንዳይበዛ የሚሰጠው መርፌ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ አለበት።

«ታዲያ ለምን ሁሉም ተኝቶ ይወልዳል?» ትዪኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገርሽ፦ ለእኛ ስለሚመቸን ነው። ስንማር የተማርነው እናቲቱ ካውች፣ ማለትም የማዋለጃ አልጋ፣ ላይ ተጋድማ፣ እግሯ ተሰቅሎ ነው። መብራቱ የሚበራው ወደዚያ ነው። ዕቃው የሚደረደረውም በዚያ በኩል ነው። እጃችንም ያንን ለምዷል። እኔ ራሴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተነሣችውን እናት ሁሉ «ተኚ እንጂ!» እያልኩ እጮህ ነበር። ክፋት አልነበረም። ከዚያ ውጪ ማዋለድ ስለማልችል ነው።

ያስተማረችኝ አንዲት እናት ናት። ሦስተኛ ልጇ ነበር። ከገጠር የመጣች፣ ዝምተኛ ሴት ናት። አልጋ ላይ አውጥተናት ዞር ስንል ትወርዳለች። ሁለት ጊዜ መለስናት። በሦስተኛው ስመጣ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። ክንዷን አልጋው ጠርዝ ላይ አጥፋ፣ ግንባሯን ጋቢዋ ላይ ደፍታለች። የልጁ ጭንቅላት ይታያል። አንሥቼ ላስተኛት ጊዜ የለኝም። የጓንት ካርቶን ቀደድኩና ወለሉ ላይ ዘርግቼ ከኋላዋ ተንበረከክሁ። ልጁ በሁለት ምጥ ወጣ። ስፌት አላስፈለጋትም። ዞር ብላ «አየሽ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ጉልበቴ ላይ የካርቶኑ መስመር ታትሞ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ነው መማር የጀመርኩት። እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ከተወለዱት ሕፃናት በጤና ተቋም የተወለዱት 48 ከመቶ ነበሩ። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ጥናት 26 ከመቶ ነበሩና ትልቅ ለውጥ ነው። ቤት የቀሩትን ያስቀራቸው ግን መንገድና ገንዘብ ብቻ አይደለም። «እግር ሰቅለው፣ ገላ አራቁተው ያዋልዳሉ» የሚለው ወሬም አለበት። ወሬ ነው እንዳልል እውነት ነው።

አሁን ወደ ኳስሽ። ካርቶኑ ላይ ቁጥር አለ፦ 55፣ 65 ወይም 75። የኳሱ ቁመት ነው፣ በሴንቲ ሜትር። ቁመትሽ ከ1 ሜትር ከ60 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ 55 ይበቃሻል። ከዚያ ከፍ ካልሽ 65፣ በጣም ረጅም ከሆንሽ 75። ቁጥሩን ግን ብዙ አትመኚው፣ ተቀምጠሽ ፈትኚው። እግርሽ ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጥ። ጉልበትሽ ከዳሌሽ ትንሽ ዝቅ ይበል። ጉልበትሽ ወደ ላይ ከወጣ ወይ ኳሱ አንሷል፣ ወይ አየር ጎድሎታል። ስንት ኪሎ እንደሚችልና ቢበሳ እንደማይፈነዳ የተጻፈበት መሆኑንም እዪ።

መንፊያው ብዙ ጊዜ አብሮት ይመጣል። አንድ አባወራ መንፋቱ ሰልችቶት ጎሚስታ ጋር ወስዶ በኮምፕሬሰር አስነፋው። ኳሱ እንደ ድንጋይ ደርቆ መጣ። መኪና ውስጥም አልገባ ብሎ በእጁ አቅፎት በእግሩ ነው የመጣው፤ ግቢው ሁሉ ሲስቅ ነበር። አንቺ መጀመሪያ ሙሉ አድርገሽ አትንፊው። አንድ ቀን ይደር። ላስቲኩ ከተለጠጠ በኋላ ሙዪው። ስትቀመጪበት ትንሽ ሰጥ ማለት አለበት።

መውደቅ አለ። አንድ ጊዜ ካልሲ ያደረገች እናት ኳስ ላይ አስቀምጬ ዞር አልኩ። ወለሉ ላይ የእንሽርት ውሃ ፈስሶ ነበር፣ አላየሁትም። ኳሱ ከሥሯ ሸሸ። ብብቷን ይዤ ነው ያተረፍኳት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእኔ ሕግ ይህ ነው፦ ባዶ እግር፣ ደረቅ ወለል፣ ኳሱ ጥግ የያዘ፣ ከፊት የሚጨበጥ አልጋ፣ ከኋላ ሰው። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ኳሱ ይቅር።

እንዴት ትጠቀሚበታለሽ? ምጡ ሲመጣ ተቀምጠሽ ዳሌሽን አዙሪው፤ ቀስ ብለሽ፣ ሰፌድ እንደሚዞር። መዝለል አያስፈልግም። በስልክ የምታዪያቸው ቪዲዮዎች ላይ የሚዘሉት ለካሜራ ነው። ምጡ ሲያልፍ ደግሞ ወደፊት ዘንበል ብለሽ አልጋው ላይ በክንድሽ ተደገፊና ዓይንሽን ጨፍኚ። ሁለት ደቂቃም ቢሆን እንቅልፍ እንቅልፍ ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ተንበርክኮ ማቀፉን ነው። ወለሉ ላይ ፍራሽ ወይም ሁለት ጊዜ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይነጠፍ። ጉልበትሽን እሱ ላይ አድርጊ። ኳሱን ከፊትሽ አቅፈሽ ደረትሽን ጣዪበት። ሆድሽ ይንጠልጠል። ምጡ ሆድሽን ትቶ ወገብሽን ብቻ ሲቀጠቅጥሽ፣ አንዳንድ ጊዜ የልጁ ጀርባ ወደ ጀርባሽ ዞሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ ይህ አቀማመጥ ወገብሽን በጣም ያቀልልሻል። አብሮሽ ያለው ሰው ከመቀመጫሽ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት በመዳፉ ጥብቅ አድርጎ ይጫነው። ማሸት አይደለም፣ መጫን። ምጡ እስኪያልፍ አይልቀቅ። ብዙ ባሎች «እንዳላሳምማት» እያሉ እጃቸውን ያሳሳሉ። ይጫኑ! ስትፈልጊ «በቃ» ትዪዋለሽ።

መቆም ካማረሽ ደግሞ ኳሱን አልጋው ላይ አስቀምጪና ቆመሽ ተደገፊበት።

ቤት ሆነሽ ከአሁኑ ልመጂው። ማታ ቴሌቪዥን ስታዪ 20 ደቂቃ ተቀመጪበት፣ ሰው አጠገብሽ ይኑር። በምጥ ቀን አዲስ ነገር መማር አይቻልም። ወደ ሆስፒታል ስትመጪም ሁለት ንጹሕ አንሶላ ያዢ። ኳሱ ላይ ይነጠፋል፣ ሲረጥብ ይቀየራል። ከአንቺ በፊት ሌላ ሰው የተቀመጠበት ከሆነ በሳሙና ታጥቦ፣ በ0.5 ከመቶ ክሎሪን ይጸዳ። ክፍሉ ውስጥ ክሎሪን አይጠፋም፣ ጠይቂ።

እሺ፣ ኳሱ አልገባም አሉ እንበል። ምን ቀረብሽ? ወንበር አዙረሽ፣ ፊትሽን ወደ መደገፊያው አድርገሽ እንደ ፈረስ ተቀመጪበት። መደገፊያው ላይ ትራስ አድርጊና ራስሽን ጣዪ። የመስኮት ደፍ ጥሩ ነው። የባልሽ አንገት ጥሩ ነው፣ ቆማችሁ እቅፍ አድርገሽው ጉልበትሽን ላላ ታደርጊያለሽ። የግሉኮስ መስቀያውን ግን አትመኚው፤ ጎማ አለው።

አልጋው ራሱም ዕቃ ነው። የብዙ ካውቾች መደገፊያ ወደ ላይ ይነሣል። ማንም አይጠይቅም እንጂ! መደገፊያው ቀና ይበል። ከዚያ አልጋው ላይ ወጥተሽ ተንበርከኪና ፊትሽን ወደ መደገፊያው አዙረሽ እቀፊው። ኳስ ማለት ነው። አዋላጇም ወለል ላይ መንበርከክ አይኖርባትም። «ካውች ላይ ውጪ» ብሎ ድርቅ የሚል ባለሙያ ካጋጠመሽ ይህ መካከለኛ መንገድ ነው፤ እሷም አልጋዋን አገኘች፣ አንቺም አልተኛሽም።

በርጩማስ? ለመውለጃ የተሠራ በርጩማ ፊቱ ክፍት ነው፤ የፈረስ ኮቴ ይመስላል። ቤት ያለው ዱካ ለማረፍ እንጂ ለመውለድ አይሆንም፤ ልጁ የሚወጣበት ቦታ የለውም። በመውለጃ በርጩማም ቢሆን ብዙ ተቀምጦ መቆየት ጥሩ አይደለም። ብልትሽ ያብጣል። እኔ 20 ደቂቃ ሲሞላ አስነሣለሁ፣ ትንሽ አንጎራድጄ እመልሳለሁ። ልጁ ከወጣ በኋላ ደግሞ ወደ አልጋ። የእንግዴ ልጁን በዚያው መጠበቅ አልወድም፣ ደሙን በደንብ ማየት እፈልጋለሁ።

ሽንት ቤት መቀመጥም ብዙ እናቶችን ያሳርፋል፣ ሰውነት እዚያ መላላት ስለለመደ ይመስለኛል። በየሁለት ሰዓቱ ሽንትሽን ሽኚ። የሞላ ፊኛ የልጁን መንገድ ይዘጋል። ብቻሽን ግን እንዳትሄጂ። «ካካ መጣብኝ» የሚል ስሜት ከመጣ ደግሞ ሩጫ ሳይሆን ጥሪ ነው የሚያስፈልገው። ያ ካካ ብዙ ጊዜ ልጁ ነው።

እህትሽ አሜሪካ ስላለች አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ብዙ እናቶች ኤፒዱራል ይወስዳሉ። እኛ ጋ አብዛኛው የመንግሥት ሆስፒታል የለውም፣ አንዳንድ የግል ሆስፒታል ይሰጣል። ኤፒዱራል የወሰደች እናት እግሯ ስለሚደነዝዝ ክብ ኳስ ላይ አትቀመጥም። ለእሷ ሌላ ኳስ አለ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ኦቾሎኒ የሚመስል። በጎኗ ትተኛና በጉልበቶቿ መካከል ይገባል። ዳሌዋን ከፍቶ ይይዝላታል።

ቀና ማለትም ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ውስጥ በታተመ ትልቅ ጥናት፣ ኤፒዱራል የወሰዱ የመጀመሪያ ልጅ እናቶች በመግፊያው ሰዓት ለሁለት ተከፈሉ። በጎናቸው ከተኙት 41 ከመቶ ያህሉ ያለ መሣሪያና ያለ ኦፕራሲዮን ወለዱ። ቀና ካሉት ደግሞ 35 ከመቶ ያህሉ። ስለዚህ ሲደክምሽ በግራ ጎንሽ፣ በጉልበቶችሽ መካከል ትራስ አድርገሽ መተኛት ሽንፈት አይደለም። የምሸሸው በጀርባ መተኛትን ነው።

«ተኚ» ሲሉሽ ያለ ክርክር የምትተኚበት ጊዜም አለ። የእንሽርት ውሃሽ ፈስሶ የልጁ ጭንቅላት ገና ወደ ዳሌ ካልወረደ፣ መራመድና ኳስ ይቅር። እትብቱ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። እሱ ደግሞ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ደም ከፈሰሰሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ደም ግፊትሽ ከጨመረ፣ አልጋ ላይ ሁኚ። የልጁ የልብ ምት ከወረደም አዋላጇ የምትልሽን አድርጊ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትልሽ «ወደ ጎንሽ ዙሪ» ነው። የምጥ ማፋጠኛ ግሉኮስ ተተክሎልሽ ከሆነ ግን በራሱ አያስተኛሽም። ክትትሉ ጠበቅ ይላል እንጂ ኳስ ላይ መቀመጥ ይቻላል።

«ኳስ ላይ ሆነሽ የልጁን ልብ ማዳመጥ አልችልም» ቢሉሽስ? ይቻላል። ዶፕለር፣ የልጁን የልብ ምት በድምፅ የሚያሰማው ትንሽ መሣሪያ፣ ካለ እንደፈለግሽ ሁኚ። ሆድ ላይ ተደርጎ በጆሮ የሚደመጥበት ፌቶስኮፕ ብቻ ከሆነ ትንሽ ያስቸግራል፤ እኔ ኳሱ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው የማዳምጠው። በመጀመሪያው ክፍል በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ በመግፊያው ሰዓት በየ5 ደቂቃው ነው የሚደመጠው። በመካከል ያለው ጊዜ የአንቺ ነው።

በሚቀጥለው ክትትልሽ እነዚህን ጠይቂ፦ ምጥ ላይ ሆኜ መንቀሳቀስ ይፈቀዳል? አንድ ሰው አብሮኝ መግባት ይችላል? ካውቹ መደገፊያው ይነሣል? ኳስ ይዤ ብመጣ ቦታ አለ? የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ስድስት አልጋ በተደረደረበት ክፍል ኳስ ማዞሪያ ላይኖር ይችላል፣ ቀድመሽ ብታውቂው ይሻላል። የምታናግሪያት ሲስተር «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ካለችሽ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይ መኖሩን በትሕትና ንገሪያት፤ ችግር የሌለባት እናት በምጥ ጊዜ እንድትንቀሳቀስና ቀና እንድትል፣ ስትወልድም የመረጠችውን አቀማመጥ እንድትይዝ ይላል። ድርጅቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው አዲሱ የምጥ መከታተያ ቅጽ ላይ ደግሞ እናቲቱ ተኝታለች ወይስ እየተንቀሳቀሰች ነው ተብሎ የሚሞላ መስመር አለ፣ ከልጁ የልብ ምትና ከደም ግፊት ጋር በአንድ ወረቀት። ግን በክርክር አትጀምሪ። ምጥ ላይ ሆኖ ክርክር አይመችም። ዛሬ ተግባብታችሁ ብታድሩ ይሻላል።

አብሮሽ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ባልሽ ይሁን እናትሽ የአንቺ ምርጫ ነው። እናትሽ ከሆኑ ግን አንድ ሥራ ስጫቸው። ዛሬ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ ምንጣፉ ላይ ተንበርከኪና ኳሱን እቀፊ። ከዚያ «እማዬ፣ ጎረቤት ከኋላ የያዘሽ እንዴት ነበር? እስቲ አሳዪኝ» በያቸው። እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉ እዪ። ምናልባት ያንኑ ጠፍጣፋ አጥንት ይሆናል። ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ካሉ አንቺው «እዚህ ጋ» በያቸው። የኳሱ ካርቶን ላይ ያለውን ቁጥርና ቁመትሽን ደግሞ ጻፊልኝ፣ ልኩን አብረን እናየዋለን።